የሦስት ሰው ደም ከአንድ ክንድ

እኔ ዘለቀ በስድሳ አንድ ዓመት ዕድሜዬ የሠራሁት ትልቁ ጥፋት የመጣው ከደግነት ነው። ይህን ስል ሰርክ የምትባለው ባለቤቴ ትስቃለች። እሷ እንደምትለው ከደግነት ሳይሆን ከጉራ ነው የመጣው። ታሪኩን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱን።

ነገሩ የተጀመረው የሎስ አንጀለስ የከተማ ባቡር ሳንታ ሞኒካ በገባ በዓመቱ ነው። የእህቴ ልጅ ፍናን ለዶክትሬቷ ጥናት ታካሂድ ነበር። እዚሁ ከተማ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ እሑድ እሑድ ምሳ የምትበላው እኛ ቤት ነው። ጥናቷ ስለ ጉበት ቫይረስ ነው። እኔ ቫይረስ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ይህ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ራሱ በፊደል የሚጠሩ ዓይነቶች እንዳሉት፣ በእኛ አገር ሰው ላይ የሚበዛው ዓይነት በቻይናዎቹ ላይ ከሚበዛው እንደሚለይ አስረዳችኝ። ቫይረሱ ብዙ ዓመት ጉበት ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጥና አንዳንዴ የሰውየውን ጂን ይነካካል። የእሷ ጥያቄ የትኛው ዓይነት ቫይረስ የትኛውን ጂን ያበላሻል፣ ካንሰሩስ ከየትኛው ይመጣል የሚል ነበር።

«ሶ፣ ጋሼ» አለችኝ አንድ እሑድ፣ «ሴል ውስጥ ጠባቂ ጂን አለ። የተበላሸ ሴል ሲያይ ስቶፕ ያደርገዋል። ጠባቂው ራሱ ከተበላሸ ግን የሚያቆመው የለም።»

ይህ ወዲያው ገባኝ። እኔ ሆሊውድ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ፓርኪንግ ኃላፊ ነኝ። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ከተኛ ምድር ቤቱ እስከ ምሳ ሰዓት ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ፍናን ስድሳ ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ ኢትዮጵያ የተወለደ፣ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ። ከአሜሪካኖቹ በተከራየነው ቤተ ክርስቲያን ኮሪደር ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ተቀመጠች። ምእመኑ እንዴት እንደሚያልፋት ባያችሁ። ፓስተሩ እንኳ ስልክ የሚያወራ መስሎ ነው ያለፈው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የታየ ሰው በማግስቱ ከሐበሻው ሰፈር ከፌርፋክስ እስከ ሎንግ ቢች «ጉበቱን ታሟል» መባሉ ነዋ።

የመጀመሪያው ፈቃደኛ እኔ ነበርኩ፤ እጅጌዬን ጠቅልዬ ቀረብኩ። አልቀበልህም አለችኝ። የተመራማሪዋ ዘመድ ጥናቱ ውስጥ መግባት አይችልም፣ ሕግ ነው። በጣም ተናደድኩ። የእኔ ደም ሥር ማለት እኮ ዓይን ተጨፍኖ በጣት ዳሰስ ተደርጎ የሚገኝ ነው። ጤንነቴም የታወቀ ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ ዓይኔ ቢጫ ሆኖ የወፍ በሽታ ይዞኝ ነበር። አንድ ባለመድኃኒት ግራ ክንዴ ላይ ቅጠል አሰረልኝ፣ ቅጠሉ ሲያቃጥለኝ ሰነበተ፣ ዳንኩ። ወፏ በዚያ በኩል ወጣች ተባለ። ጠባሳው እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት የረገጥኩት ሌላ ሰው ልጠይቅ ብቻ ነው።

ሦስት ጓደኞች አሉኝ። ከአምልኮ በኋላ ፌርፋክስ ላይ ያለ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዘን የማናነሣው የማንጥለው የለም። ለይኩን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ሰላምታው እንደ ጸሎቱ ይረዝማል። መንግሥቱ ሦስት ጦር ሜዳ የዋለ ወታደር ነበር፤ መርፌ ሲያይ ግን ይወድቃል። ሀይለገብርኤል ኡበር ይነዳል፤ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ አንድ ቀን የሚያስከስሰው ይመስለዋል። ሦስቱም ፍናንን በሕፃንነቷ አቅፈዋታል፤ ስለዚህ ጠረጴዛዋ ፊት ቆመው እንቢ ማለት አልቻሉም። በይሉኝታ ፈረሙላት። እሷም አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት የሚል ቁጥር ያለበት ወረቀት ለየአንዳንዳቸው ሰጠቻቸው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ያንን ወረቀት ይዞ ሳንታ ሞኒካ ወዳለው ክሊኒክ ሄዶ ደም መስጠት ብቻ ነው። እዚያ ስምም መታወቂያም አይጠየቅም፣ ፍናንም አትገኝም። ስምና አድራሻቸው ሌላ ቢሮ ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ እሷ የምታየው ቁጥሩን ነው።

ወር አለፈ፣ ሦስቱም አልሄዱም። ፍናን ምሳ ላይ ፈርመው የቀሩ ሰዎች እንዳሉ ስትነግረን እንባዋ መጣ። እነማን እንደሆኑ ስለማውቅ በቀጥታ ካፌ ሄድኩና ወረድኩባቸው። ለይኩን ጾም ጸሎት ላይ ነኝ አለ። መንግሥቱን ላብ አጠመቀው። ሀይለገብርኤል ደሙ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ በኋላ የት የት እንደሚዞር ማን ያውቃል አለ። መጨረሻ ላይ ለይኩን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዘለቀ፣ ልጅቷ የምትፈልገው የሐበሻ ደም ነው። አንተ ደግሞ ደም ሥር አለህ።»

ደግነቴም ጉራዬም የገቡት እዚህ ላይ ነው። ወረቀቶቹን ተቀበልኳቸው።

ሦስት ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ሄድኩ። የሄድኩት በባቡር ነው፤ የፓርኪንግ ሰው ለፓርኪንግ ሲከፍል ማየት አልችልም። በመጀመሪያው ማክሰኞ ኮፍያ፣ በሁለተኛው መነጽር፣ በሦስተኛው የሰርክን የአንገት ልብስ አደረግኩ። ነርሷ ግን ሦስቱንም ቀን አንዷ ሆና ተገኘች፤ ደልደል ያለች፣ ሳቂታ ሴት። ሦስቱንም ቀን ስለ ጠባሳዬ ጠየቀችኝ፣ ሦስቱንም ቀን ስለ ወፏ አስረዳኋት፣ እሷም ጻፈች። በሦስተኛው ቀን መርፌውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝና ከዚህ በፊት አልተገናኘንም ወይ አለችኝ።

«ሁላችንም አንድ እንመስላችኋለን አይደል?» አልኳት፣ ያዘንኩ መስዬ።

ፊቷ ቀላ። ደጋግማ ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ጁስ በላይ በላዩ ሰጠችኝ፣ ከዚያ በኋላ ዓይኔን ማየትም አልቻለችም። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አሁን የምነግራችሁን ያኔ አላውቀውም ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ከጥናቱ ቢሮ ሦስት ደብዳቤ ወጣ፤ ለለይኩን፣ ለመንግሥቱና ለሀይለገብርኤል። በደምዎ ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ተገኝቷል፣ አይደንግጡ፣ ነገር ግን ሳይዘገዩ ሐኪም ይዩ፣ የትዳር ጓደኛዎም ይመርመሩ ይላል። መንግሥቱ ደብዳቤውን አንብቦ ወለሉ ላይ ቁጭ አለና ለሚስቱ መናዘዝ ጀመረ። ደም አለመስጠቱ ትዝ ያለው ኑዛዜው ግማሽ ከደረሰ በኋላ ነው። በደስታ ተነሥቶ ዘለለ፤ ደሙ የማን እንደሆነ ሲገባው ደግሞ በደስታው አፍሮ አለቀሰ። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ። ሚስቱ ግማሹን ኑዛዜ እስከ ዛሬ አልረሳችለትም።

ሦስቱ ያለ እኔ ተሰበሰቡ። አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ለበሽተኛው ፊት ለፊት ይነግረዋል። እኛ ግን ክፉ ወሬ ለባለቤቱ እንዲህ በዋዛ አንነግርም። ሰው ይመረጣል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ሰውየው እህል መቅመሱ ይረጋገጣል። ለይኩን መጀመሪያ ጾም ጸሎቱ ይለቅ አለ። እሱ ሲያልቅ የሀይለገብርኤል ልጅ ምረቃ ደረሰና ደስታ አይደፍረስ ተባለ። በዚህ መሀል ዝምታው ስለከበዳቸው ለሰርክ ነገሯት። ሰርክ ጎበዝ ናት፤ በማግስቱ ሄዳ ተመረመረች፣ ነጻ ናት፣ ክትባቱንም ጀመረች። ከዚያ ለጸሎት ቡድኗ ስም ሳትጠራ ነገረች፤ ስሙን እነሱ ራሳቸው ደረሱበት። ለፍናን ግን እንዳይነገር ሁሉም ተስማማ። እናቷን ቀብራ ገና ያልተጽናናች ልጅ ናት፣ በአጎቷ ደግሞ አናስደንግጣት አሉ። ፌርፋክስ ላይ ወሬውን ያልሰማን ሁለት ሰዎች ብቻ ቀረን፤ በሽተኛውና ተመራማሪዋ።

እኔ ለውጡን አይቻለሁ፣ ዕውር አይደለሁም። ቤታችን ውስጥ ጥብስ ቀረ፤ ሰርክ ቁርስም ምሳም ቀይ ሥር ታበላኝ ጀመር። መንግሥቱ ማኪያቶዬን ከእጄ ተቀብሎ እስከ ጠረጴዛው ይሸከምልኛል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰው እጄን ከጨበጠ አይለቅም። ለይኩን መድረክ ላይ ቆሞ ከፊቱ ከባድ ነገር ስለሚጠብቀው አንድ ወንድማችን ሲጸልይ ጉባኤው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ከሁሉም አስበልጬ አሜን ያልኩት እኔው ነኝ። አንድ ቀን ደግሞ ሀይለገብርኤል መኪና ልገዛ ነውና ና እይልኝ ብሎ ወሰደኝና አንድ ክሊኒክ በር ላይ አቆመ። እዚህ ምን አለ ስለው ገብተን ውሃ እንጠጣ አለኝ። የፓርኪንጉን ዋጋ ሰሌዳ አየሁና ከመኪናው አልወርድም አልኩ። ወደ ቤት መለሰኝ።

ይህን ሁሉ ደምሬ ሳስበው ያገኘሁት መልስ አንድ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ወር የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ምርጫ ነበር፤ ሊመርጡኝ ነው። ፓርኪንጉ በር ላይ ባለችው ክፍሌ ተቀምጬ የምስጋና ንግግር አረቀቅኩ። «ለዚህ የማልበቃ ሰው ነኝ፣ ግን ጌታ ከጠራኝ ዝግጁ ነኝ» ብሎ ይጀምራል። ለሰርክ ሳነብላት ወደ ጓዳ ሮጣ ገባች። በደስታ ያለቀሰች መስሎኝ እኔም ዓይኔን ጠረግኩ።

በዚህ ሁኔታ ሦስት ሳምንት ሄደ። አንድ እሑድ ፍናን ምሳ ላይ መጣችና እህሉን ሳትነካ ተቀመጠች። ሰርክ ወጥ ቤት ነበረች። ምን ሆነሽ ብዬ ስይዛት ተነፈሰች። ከእኛው ቤተ ክርስቲያን ከመጡት መካከል ሦስት ደም አለ። ሦስቱም ውስጥ ያው ዓይነት ቫይረስ አለ፣ ፊደል በፊደል የማይለያይ። ከጉበት ወደ ደም የሚንጠባጠብ ጂን አለ፤ እሱን ሲያዩት ያ ጠባቂ የተባለው ጂን በሦስቱም ላይ ተበላሽቷል፣ ያውም በትክክል አንድ ቦታ ላይ። ጥናቷን የምትመራው ፕሮፌሰር መጀመሪያ ትልቅ ግኝት መስሏት ተደስታ ነበር። ከዚያ የሰዎቹን የራሳቸውን ጂን ስታስመረምር ሦስቱ ሰዎች አንድ ሰው ሆነው ተገኙ።

«ከአንድ ቲዩብ ሦስት ጊዜ ቀድተሻል ትለኛለች፣ ጋሼ» አለች ፍናን። «ወይ ተሳስቻለሁ፣ ወይ ሆን ብዬ ፌክ አድርጌዋለሁ ማለት ነው። እስከ ረቡዕ ካላስረዳሁ ከላቦራቶሪው ያስወጡኛል። እኔ ግን አልተሳሳትኩም። አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት፣ ሦስቱም በተለያየ ቀን ነው የገቡት።»

የጎረስኩትን ቀይ ሥር ሳላኝክ ዋጥኩት። ቁጥሮቹን በእጄ ይዤ ባቡር ላይ ተቀምጫለሁ። አንዱን እንዳይታጠፍ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነበር ያደረግኩት።

እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሣሁና መታጠቢያ ቤት በሩን ዘጋሁ። መስታወት ውስጥ ዓይኔን አየሁ፤ ነጭ ነው። ጎኔን ነካሁ፤ አያምም። ከዚያ ቀይ ሥሩ፣ የማኪያቶው ሸክም፣ የማይለቀው ሰላምታ፣ የሰርክ ለቅሶ፣ ሁሉም ተራ በተራ ገባኝ። ጠባቂው የተኛው የእኔ ሕንፃ ውስጥ ነው። ፈራሁ። የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ስወጣ ለፍናን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር መንገድ አለው» የሚል ብቻ ወጣኝ። ኮቴን አንሥቼ ወጣሁ።

ካፌው በረንዳ ላይ ሦስቱም ነበሩ። ሲያዩኝ ወንበር ሊስቡልኝ ተሽቀዳደሙ። አልተቀመጥኩም።

«ደብዳቤ ደርሷችኋል?» አልኳቸው።

መንግሥቱ ጨርቅ ፈልጎ ዓይኑን ሲጠርግ የሚያጠራጥር ነገር አልቀረም።

«ልንነግርህ ነበር» አለ ለይኩን።

«መቼ?»

«የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት። ስድስት ሰው መርጠናል። ቁርስም ታዟል።»

ሰርክስ ብላቸው ታውቃለች አሉኝ። ጉባኤው? ያውቃል። ፓስተሩ? እሱማ ከሁሉም በፊት። የሽማግሌነቱ ምርጫስ ስል የምን ምርጫ ብለው እርስ በርሳቸው ተያዩ። በዚያን ሰዓት ከሁሉም በላይ አንጀቴን የቆረጠው ይኸኛው ነው ብል ታምኑኛላችሁ?

የፍናንን ነገር ስነግራቸው ሦስቱም ደነገጡ። ልጅቷ በእነሱ ፊርማና በእኔ ደም ከትምህርቷ ልትባረር ነው። ሀይለገብርኤል የዜግነት ጉዳዩ ገና እየታየ ስለሆነ የውሸት ፊርማ ከወጣበት አለቀለት። ለይኩን ደግሞ ሽማግሌ ሆኖ ሳለ ሰጥቻለሁ ብሎ ያልሰጠ መሆኑ በየቤቱ ሊወራ ነው። ለእሷ ብቻ በቀስታ ንገራትና እሷው ታስተካክለው አሉኝ። ፍናን የምትዋሽ ልጅ አይደለችም አልኳቸው። ሳልሰናበታቸው ሄድኩ።

ሰኞና ማክሰኞ ስልኬን እያነሣሁ አስቀመጥኩ። የፈራሁት ቁጣዋን አልነበረም። ሌላው ሰው ሁሉ ቢያውቅም፣ እሷ እስካልሰማች ድረስ ነገሩ ወሬ ነበር። እሷ ስትሰማ ግን እውነት ሊሆን ነው፤ ምክንያቱም እሷ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ሰርክ እሑድ ፍናን ያለችውን ከወጥ ቤት ሆና ሰምታ ነበር። ማክሰኞ ከሥራ ስገባ ጥቁር ሱፌ ተተኩሶ ተሰቅሎ አገኘሁት።

ረቡዕ ጠዋት ዩኒቨርሲቲው ድረስ ድራይቭ አድርጌ ሄድኩና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፓርኪንግ ከፈልኩ። ከመኪናዬ ስወርድ ሦስቱ ጓደኞቼ ሱፍና ክራባት አድርገው፣ ጫማቸውን ወልውለው ቆመዋል። ሰርክ ደውላላቸው ኖሯል።

«ብቻህን አትገባም» አለኝ መንግሥቱ። ሀይለገብርኤል ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ መጣ እንጂ አልቀረም።

ፕሮፌሰሯ ሽበታም፣ ቀጭን ሴት ናት። ፍናን አጠገቧ ተቀምጣ ነበር፤ አራት ሱፍ የለበሱ ሽማግሎች ሲገቡ ስታይ ዓይኗን ማመን አቃታት። ፕሮፌሰሯ ወንበር አቀረበችልን። ለይኩን ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አለ። ልጅ ለመጠየቅ የሄድን ይመስል ተሰልፈን ቆምን። ፕሮፌሰሯ ወንበሩ ያልተመቸን መስሏት ሌላ አስመጣች። እንቢ አልን። ከጎረቤት ቢሮ ባለ መንኮራኩር ወንበር አስመጣች። ለይኩን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነና ቆመ። ፍናን ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ከዚያ ለይኩን ንግግሩን ከፍናን አያት ጀመረ። ምን ያህል የተከበሩ ሰው እንደነበሩ፣ ስንት ልጅ እንዳሳደጉ፣ ከዚያ ስለ እናቷ። ፍናን መተርጎም ትታ ትለምነው ጀመር። እኔ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። እጅጌዬን ጠቅልዬ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ።

«አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት» አልኩ በእንግሊዝኛ፣ «ሦስቱም እኔ ነኝ።»

ፍናን ወደ እኔ ዞረች። የሆነውን በአጭሩ ተናገርኩ። ፕሮፌሰሯ ጠባሳዬን አየች፣ ከዚያ ፋይል ከፍታ ሦስት ወረቀት አወጣችና ጮክ ብላ አነበበች። በመጀመሪያው ላይ ነርሷ ግራ ክንድ ላይ ክብ ጠባሳ ብላለች። በሁለተኛውም ግራ ክንድ ላይ ክብ ጠባሳ። በሦስተኛው ግራ ክንድ ላይ ክብ ጠባሳ፣ የማኅበረሰቡ ልማድ ሳይሆን አይቀርም።

ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አውልቃ እስክታለቅስ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን የተናገረችው ለፍናን ነው። ሦስት የተለያየ ቀን፣ ሦስት ቲዩብ፣ ማን እንደሆነ ሳታውቂ ሦስቴ አንድ መልስ አገኘሽ፤ ከዚህ የተሻለ የእጅ ንጽሕና ማስረጃ አይቼ አላውቅም አለቻት። የተጠረጠርሽው በስሕተት ነው፣ ይቅርታ አለቻት። ለይኩን እንግዲህ እንቀመጥ ብሎ ፈቀደ፤ ወንበር ሞልቶ ስለነበር ተራርቀን ተቀመጥን።

ፕሮፌሰሯ ግን አልጨረሰችም። እኔ አጎት ስለሆንኩ ሦስቱም ደም ከጥናቱ ይወጣል፣ ስለዚህ ሦስት ሰው ጎድሏል አለች፣ ጓደኞቼን ተራ በተራ እያየች። መንግሥቱ ተመልሶ ቆመ። ወደ እኔ ስትዞር ሳቋ አልነበረም። የጉበት ሐኪም ቀጠሮ ሳትይዝ ዛሬ ቤትህ አትገባም አለችኝ።

ኮሪደር ላይ ፍናን ግድግዳውን ተደግፋ ጫማዋን ታያለች። ብትቆጣኝ በወደድኩ።

«ሪዘልቱን ካየሁ ጀምሮ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «እነዚህ ሰዎች እነማን ይሆኑ እያልኩ ስጸልይላቸው ነበር። ሦስት ሰው ስለመሰሉኝ ለሦስቱም ለየብቻ።»

«ሦስቱም ደርሶኛል» አልኳት።

ደረቴን በጡጫ መታችኝ፣ ከዚያ እዚያው አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ሦስቱ ጓደኞቼ ማስታወቂያ ሰሌዳውን የሚያነብቡ መስለው ቆሙ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ራሴ አጅቤ ሳንታ ሞኒካ ወሰድኳቸው። ያችው ነርስ ነበረች። የማላውቅ መስዬ ማለፍ እችል ነበር፣ ግን ቀርቤ ያደረግኩትን ነገርኳትና ይቅርታ ጠየቅኳት። ክንዴን አየች፣ ከዚያ የሦስቱን ፊት አንድ በአንድ አየች።

«አሁን ሳያችሁ ፈጽሞ አትመሳሰሉም» አለችኝ።

ለይኩን እየዘመረ ሰጠ። ሀይለገብርኤል ቲዩቡ ላይ ስሙ አለመጻፉን ሦስቴ አረጋግጦ ሰጠ። መንግሥቱ የሰጠው ከወለሉ ላይ ተነሥቶ ነው።

እኔ በበኩሌ ሐኪም ቤት ሄጄ ማሽን ውስጥ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ተቀጠርኩ። የውጤቱ ቀን ሁላቸውም መጡ። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። ፋይሌን ይዞ ብቅ ሲል ሰርክና ሦስቱ ጓደኞቼ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ከበቡት። ለይኩን ትከሻውን ይዞ ወደ ጥግ ሊወስደው ሞከረ፤ ለእኛ ንገረን፣ እኛ ቀስ ብለን እንነግረዋለን ይለዋል። ልጁ ምን እንደፈለጉ አልገባውም።

ፍናን መሀላቸው ገባች። «ኦኬ፣ በቃ» አለች። «ሪዘልቱ የጋሼ ነው። መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው።» እኔን ወደ ክፍሉ አስገብታ በሩን ከውጭ ልትዘጋው ስትል እጇን ያዝኩ። ባለፈው ሳንሰማ የቀረነው ሁለታችን ነን፣ ዛሬ ሁለታችን እንስማ አልኳት። ገባች።

ሐኪሙ ጉበቴን ስክሪን ላይ አሳየኝ። ጠርዙ ላይ ሽምብራ የምታህል ነገር አለች። ካንሰር ናት አለኝ፣ ዓይኔን እያየ። ብቻዋን ናት፣ ቦታዋ ጥሩ ነው፣ በቀዶ ጥገና ትወጣለች፣ ለቫይረሱ ደግሞ በየቀኑ አንድ ክኒን ትወስዳለህ አለኝ። እስከሚቀጥለው ዓመት ሳትመጣ ብትቀር እንዲህ አላወራህም ነበር ብሎ ጨመረ። የልጅነቱ ወፍ ይሁን አይሁን ስጠይቀው ማንም ሊያውቅ አይችልም አለኝ፤ ቫይረሱ ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አብሮኝ ሳይኖር አልቀረም። ፍናን እጄን ያዘች። እድናለሁ ማለት ነው ብዬ ጠየቅኩት፣ ተስፋው በጣም ጥሩ ነው አለኝ። ሰው የራሱን ወሬ ፊት ለፊት ሲሰማ እንዴት እንደሚከብድ፣ ከሰማ በኋላ ደግሞ እንዴት እንደሚቀልለው ያን ቀን አወቅኩ።

ፊቴን ጠርጌ ወጣሁ። አራቱም ቆመው ይጠብቁኛል። ሰርክ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

«ምን አለህ?» አለችኝ።

አራቱንም አየኋቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀይ ሥር ያበሉኝን፣ ማኪያቶዬን የተሸከሙልኝን፣ የምን ምርጫ ያሉኝን ሰዎች ረጋ ብዬ አየኋቸው።

«ቁርስ በልታችኋል?» አልኳቸው።

የለይኩን ፊት ተለወጠ። መንግሥቱ ግድግዳውን ያዘ። አልበላንም አለ ሀይለገብርኤል በቀጭን ድምፅ።

«እንግዲያው መጀመሪያ ቁርስ እንብላ። ነገሩን ቅዳሜ እነግራችኋለሁ፣ ስድስት ሰው ልምረጥ» ብዬ ፊት ፊት ሄድኩ።

አሳንሰሩ ጋ ሳልደርስ ፍናን ከኋላዬ ሳቋን ለቀቀችው። ሰርክ ሳቁን ስትሰማ ገባት፤ ቦርሳዋን አንሥታ ጀርባዬን መታችኝ፣ ከዚያ ጀርባዬን ይዛ አልለቅም አለች።